ደላላም ዘመድም አይደለም፦ ቤት ሲገዙ ወኪል ስለ መቀየር

በአሜሪካ ቤት ለመግዛት የተነሣ ኢትዮጵያዊ ወኪሉን ከሁለት በአንዱ ዓይን ማየት ይቀናዋል። አንደኛው የደላላ ዓይን ነው። አዲስ አበባ ላይ ቤት የሚፈልግ ሰው ለቦሌውም ለሲኤምሲውም ደላላ ስልኩን ሰጥቶ ማን ቀድሞ ደህና ቤት እንደሚያሳየው ይጠብቃል። ያገናኘው ኮሚሽኑን ይወስዳል፤ የቀረው «እኔም አሳይቼው ነበር» ብሎ ቢነታረክ እንኳ ነገሩ በምልጃ ወይም በትንሽ ገንዘብ ያልቃል። ሁለተኛው የዘመድ ዓይን ነው። ወኪሉ የደብሩ ሰው፣ የዕድሩ አባል ወይም የሚስት የአክስት ልጅ ስለሆነ ሥራው ባያረካም «በምን ዓይኔ አየዋለሁ» ተብሎ ይታለፋል። ሁለቱም ልማድ በበቀለበት ቦታ ምክንያት አለው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ላይ ግን የገዢ ወኪል በጽሑፍ ውል፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ በተወሰነ ክፍያ የሚሠራ ባለፈቃድ ባለሙያ ነው። በደላላ ዓይን ያየው ገዢ ሳይሰናበት ሌላ ይይዝና ለሁለት የመክፈል ዕዳ ይገጥመዋል። በዘመድ ዓይን ያየው ደግሞ ይሉኝታ ይዞት፣ ሠላሳ ዓመት የሚከፍልበትን ቤት በማያምነው ሰው ምክር ይገዛል። ከሁለቱም የሚያድነው መንገድ ከቅሬታው በፊት ወረቀቱን መመልከት ነው፤ ከዚህ በታች የተዘረዘረው ቅደም ተከተልም ከዚያው ይነሣል።

ወረቀቱ ይህን ያህል ክብደት ያገኘው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2024 አጋማሽ ድረስ በብዙ ግዛቶች ገዢ ምንም ሳይፈርም ለሳምንታት ከወኪል ጋር ቤት እያየ መዞር ይችል ነበር። የገዢው ወኪል ኮሚሽን ሻጩ ለራሱ ወኪል ከሚከፍለው ላይ ተካፍሎ ስለሚሰጥ፣ የክፍያው ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነሣ ቁልፉን የሚረከብ ብዙ ነበር። ኦክቶበር 2023 ላይ ግን ካንሳስ ሲቲ፣ ሚዙሪ የተሰየመ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪ የሪልተሮች ብሔራዊ ማኅበርንና ትልልቅ የቤት አሻሻጭ ድርጅቶችን ኮሚሽን ከፍ ብሎ እንዲቆይ ተመሳጥረዋል ብሎ ተጠያቂ አደረጋቸው። ማኅበሩ ማርች 2024 ላይ 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና አሠራሩን ለመለወጥ ተስማማ፤ አዲሶቹ ደንቦችም ከኦገስት 17 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ በደንቦቹ የሚገዛ ወኪል ቤት ከማሳየቱ በፊት፣ በቪዲዮ ቀጥታ የሚያሳየውን ጨምሮ፣ ከገዢው ጋር የጽሑፍ ውል መፈራረም አለበት። ውሉ ክፍያውን ቁርጥ ባለ መጠን መናገር አለበት፤ ክፍያ በድርድር የሚወሰን እንጂ በሕግ የተተመነ አለመሆኑንም መግለጽ አለበት። ወኪሉ ከየትም ቢመጣ በውሉ ከተጻፈው በላይ መቀበል አይችልም። (በነገራችን ላይ «ሪልተር» የሚለው ስም የዚያ ማኅበር የንግድ ምልክት ነው፤ ቤት የሚያሻሽጥ ባለፈቃድ ሁሉ ሪልተር አይደለም።) ገዢን ለመጠበቅ የመጣው ይህ ለውጥ አንድ ያልታሰበ ውጤት አለው፤ ዛሬ ቤት እያየ ያለ ገዢ ማለት ይብዛም ይነስም የፈረመ ገዢ ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ውሉን ፈልጎ ማንበብ ነው። «እኔ ምንም አልፈረምኩም» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ብዙ ጊዜም ስሕተት ነው። ፊርማው የተጠየቀው በኢሜይል በመጣ የኤሌክትሮኒክ ሰነድ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ቅዳሜ ጧት ከመኪና ማቆሚያው ሳይወርዱ ስልክ ላይ ሦስት ጊዜ ተጭነው ያለፉት ነገር ሕጋዊ ውል ነው። ኢሜይልዎን ወኪሉ በሚሠራበት ድርጅት ስምና በኤሌክትሮኒክ ፊርማ አገልግሎቱ ስም ይፈልጉ። ካላገኙ ወኪሉን «የፈረምነውን ውል ቅጂ ላክልኝ» ብለው ይጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ ማንንም አያስቀይምም። ያገኙት ወረቀት ለአንድ ቤት ወይም ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚያገለግል የማሳያ ስምምነት ከሆነና ብቸኛ ወኪል ያደርገዋል የሚል ቃል ከሌለው፣ ከባድ ግዴታ የለብዎትም ማለት ነው፤ አመስግነው መለያየት ይችላሉ።

ረዘም ያለ ውል ከሆነ ግን አምስት ነገር ለይተው ያውጡ። አንደኛው ወኪልነቱ ብቸኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። «ኤክስክሉሲቭ» የሚል ቃል ካለበት፣ በውሉ ዘመን ቤቱን በማንም በኩል ቢገዙ፣ ራስዎ ፈልገው ቢያገኙትም እንኳ፣ ክፍያ ሊጠየቁ ይችላሉ። ሁለተኛው የማብቂያው ቀን ነው። ሦስተኛው ውሉ የሚሸፍነው አካባቢ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘልለዋል። የወኪል ፈቃድ በየግዛቱ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ፌርፋክስ ላይ ፍለጋ ጀምረው በዋጋው ምክንያት ወደ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ከተሻገሩ፣ የቨርጂኒያው ወኪል የሜሪላንድ ፈቃድ ላይኖረው ይችላል። ውሉም ለቨርጂኒያ ብቻ ተጽፎ ከሆነ መቀየር ሳያስፈልግ ሌላ ወኪል መጨመር ብቻ ይበቃል። አራተኛው ክፍያውና ከክፍያው ሌላ የሚጠየቅ የአስተዳደር ወጪ ካለ እሱ ነው። አምስተኛውና አደገኛው «ፕሮቴክሽን ፒሪየድ» የሚባለው አንቀጽ ነው። ውሉ ካበቃ በኋላም ለተወሰኑ ቀናት፣ ወኪሉ አሳይቶዎት የነበረውን ቤት ቢገዙ ኮሚሽኑ የእሱ ነው ይላል። ቀኖቹ በየውሉ ይለያያሉ፤ 30 ያለው አለ፣ 180 ያለውም አለ።

የማብቂያውን ቀን ሲያዩ የሚኖሩበትን ግዛት ሕግም ያስቡ። በቨርጂኒያ ሕግ የውክልና ውል ቁርጥ ያለ ማብቂያ ቀን ካልያዘ ከተፈረመ በ90 ቀን ያበቃል። ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከግለሰብ ገዢ ጋር የሚደረግ ውል ከሦስት ወር እንዳይበልጥ ከልክላለች፤ ማደሱም በጽሑፍና በፊርማ ነው። ሲያትል ላሉት ደግሞ የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ መነሻውን 60 ቀን አድርጎ፣ ከዚያ የሚረዝመውን ገዢው ራሱ እንዲመርጥ ይተዋል። እንዲህ ያለውን ልዩነት ማወቅ የሚጠቅመው አንዳንድ ጊዜ ከሁሉ የሚቀለው መፍትሔ ሦስት ሳምንት መታገሥ ሆኖ ስለሚገኝ ነው። ከሰው ጋር ሳይጋጩ፣ ደብዳቤ ሳይጽፉ፣ ውሉ ራሱ ያሰናብትዎታል። ሲያበቃ አለማደስ ብቻ ነው፤ «ለፎርማሊቲ ነው» ተብሎ የሚላክ አዲስ የፊርማ ሰነድ ካለ ግን አይጫኑት።

እዚህ ላይ «ኮሚሽኑን ሻጩ አይደል እንዴ የሚከፍለው፣ እኔን ምን አገባኝ» የሚል ይኖራል። ዛሬም በብዙ ሽያጭ ሻጩ የገዢውን ወኪል ክፍያ በድርድር ይሸፍናል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በውሉ ላይ ባለዕዳ ሆኖ የተጻፈው ገዢው ነው፤ ሻጩ የሚከፍለው ያንን ዕዳ ለማቅለል ነው፤ ለአንድ ወኪል የከፈለ ሻጭ ደግሞ ለሁለተኛው የሚከፍልበት ምክንያት የለውም። ሒሳቡ ቀላል ነው። ቤቱ 500,000 ዶላር ቢሆንና ክፍያው 2.5 በመቶ ቢሆን 12,500 ዶላር ይሆናል። በሁለት ብቸኛ ውል ላይ የፈረመ ሰው ሌላ 12,500 ሊጠየቅ ይችላል፤ ያም ከኪሱ ነው። ለዚሁ ቤት የኤፍኤችኤ ብድር ዝቅተኛው የ3.5 በመቶ ቅድመ ክፍያ 17,500 ዶላር ነው፤ ስለዚህ የሁለተኛው ወኪል ጥያቄ ብቻውን ዓመታት የተቆጠበውን ቅድመ ክፍያ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ይበላል።

ሁለተኛው እርምጃ ምክንያቱን መመርመር ነው። ወኪል የሚቀየረው በወኪሉ ጥፋት እንጂ በገበያው ጥፋት መሆን የለበትም፤ ሁለቱን መለየት ደግሞ አይቀልም። አራት ኦፈር አስገብቶ አራቱንም የተሸነፈ ገዢ ወኪሉን ቢያማርር አይገርምም፤ ግን ብድሩ፣ ቅድመ ክፍያውና የዋጋው ጣሪያ ያው ከሆነ አዲሱም ወኪል የሚያስገባው ያንኑ ኦፈር ነው። «በዚህ ዋጋ አታገኘውም» ያለ ወኪልም ደስ ባያሰኝ ሥራውን እየሠራ ሊሆን ይችላል። «ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር የቱ ነው» ወይም «ሰዎቹ እንዴት ናቸው» ብለው ሲጠይቁት መልስ የነፈገ ወኪልንም አይፍረዱበት። የ1968ቱ የፍትሐዊ የመኖሪያ ቤት ሕግ ገዢን በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር ወደ አንድ ሰፈር መምራትን ይከለክላል፤ ዝም ያለው ሕጉን ስለሚያውቅ ነው። ይልቅ ሳይጠየቅ «እዚያ የእናንተ ሰዎች አይኖሩም» ብሎ ከአንድ ሰፈር ያራቀዎት ቢኖር መቀየር ያለበት እሱ ነው።

ጥሩ ምክንያቶች የሚባሉት ሌሎች ናቸው። ቤት ዐርብ ወጥቶ እሑድ በሚሸጥበት ገበያ ለስልክ ሁለት ቀን ዘግይቶ የሚመልስ፣ ከነገሩት ጣሪያ በላይ ያለ ቤት ደጋግሞ የሚያሳይ፣ ኢንስፔክሽኑን እንዲተዉ የሚገፋፋና ትተው ቢገዙ ምን ሊገጥምዎ እንደሚችል የማያስረዳ፣ የሚችሉትን ከፍተኛ ዋጋ ለሻጩ ወገን ያወጣ ወኪል ሥራውን አጓድሏል። አንድ አበዳሪ (ሌንደር) ወይም አንድ የባለቤትነት አጣሪ (ታይትል) ድርጅት ብቻ ይዘው እንዲሄዱ የሚያስገድድም እንዲሁ። የ1974ቱ ሬስፓ የተባለው የፌዴራል ሕግ ደንበኛ በመላክ ብቻ ኮሚሽን መቀባበልን ይከለክላል፤ ወኪሉ ወይም ድርጅቱ በሌንደሩ ውስጥ ድርሻ ካለው ደግሞ በጽሑፍ ሊያሳውቅዎት ይገባል። እነዚህን ከቀንና ከሰዓት ጋር በማስታወሻ ይያዙ፤ የጽሑፍ መልእክቶቹንም አያጥፉ። ማስታወሻው ለክስ አይደለም፤ ነገ ከድርጅቱ ኃላፊ ጋር ሲነጋገሩ «አልተመቸኝም» ከማለት ይልቅ «ማክሰኞ የላክሁት ጥያቄ እስከ ዐርብ አልተመለሰም» ማለት እንዲችሉ ነው።

ሦስተኛው እርምጃ መናገር ነው፤ ይሉኝታ የሚይዘንም እዚህ ላይ ነው። «የሰርጌ ሚዜ ነው»፣ «አባቱ አባቴን ያውቁታል» የሚለው ክርክር ሐሰት አይደለም። ግንኙነቱ ከቤት ግዢው በፊት ነበረ፣ በኋላም ይኖራል፤ የሠፈር ሐሜትም ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ይህ ክርክር ከተመረመረ የሚደግፈው ቶሎ መናገርን ነው። ሳይናገሩ ሸሽተው በሌላ ወኪል የገዙ ቀን ወኪሉ የሚሰማው ክህደት ነው፤ በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚዞረውም «ስድስት ወር አዙሮኝ በሌላ ገዛ» የሚለው ታሪክ ነው። ቀድሞ «ሥራው በዚህና በዚህ አልሄደልኝም፤ ውሉን በስምምነት እንፍታ» የተባለ ሰው ግን ቢከፋውም ቅዳሜና እሑዱን ከእርስዎ ጋር ከማባከን ይድናል። ደግሞም ወኪሉ ችግሩን ላያውቀው ይችላል። አንድ ጊዜ በግልጽ ተነግሮት ሁለት ሳምንት ዕድል ቢሰጠው የሚያስተካክል ብዙ ነው፤ ካላስተካከለም ለማሰናበቱ ከበቂ በላይ ምክንያት ይኖራል።

አራተኛው እርምጃ መፈታቱን በጽሑፍ መቀበል ነው። እዚህ ብዙ ገዢ የማያውቀው ነገር አለ፦ ውሉን የፈረሙት ከወኪሉ ጋር ቢመስልም የውሉ ባለቤት ወኪሉ የሚሠራበት ብሮከሬጅ ነው። ወኪሉ በቃሉ «ችግር የለም፣ ሂድ» ቢልዎት ደግነቱን ያመስግኑ፤ ነገር ግን ያ ቃል ድርጅቱን ላያስረው ይችላል። ስለዚህ ለወኪሉና ለዋናው ብሮከር በአንድ ላይ አጭር ኢሜይል ይላኩ። ይዘቱ ከአራት ነገር አይበልጥም። በዚህ ቀን የተፈረመውን የገዢ ውክልና ውል በስምምነት ለማቋረጥ እጠይቃለሁ፤ የማቋረጫ ሰነዱን በብሮከሩ ፊርማ ላኩልኝ፤ ያሳያችሁኝን ቤቶች አድራሻ ዘርዝሩልኝ፤ ውሉ ካበቃ በኋላ የሚቀር የክፍያ ጥያቄ ካለ ወይም ከሌለ በጽሑፍ ግለጹልኝ። ስድብና ረጅም የቅሬታ ታሪክ አይጨምሩበት፤ ከዚያ ኢሜይል የሚፈልጉት ፊርማ ብቻ ነው። የቤቶቹን ዝርዝር መጠየቅ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ፕሮቴክሽን ፒሪየዱ የሚይዘው በዝርዝሩ ላይ ያለውን ብቻ እንዲሆን ይረዳል። ዝርዝር ከሌለ ነገ በኢሜይል የተላከልዎት ሊንክ ሁሉ «ያሳየሁት ቤት» ሊባል ይችላል።

ብሮከሩ መልቀቅ ቢያንገራግር መካከለኛ መንገድ አለ። ውሉ የድርጅቱ ስለሆነ በዚያው ድርጅት ውስጥ ሌላ ወኪል እንዲመደብልዎት መጠየቅ ይችላሉ። ለድርጅቱ ደንበኛውን ከማጣት ይህ ይሻለዋል፤ ለእርስዎም ምንም የውል ጣጣ አይኖረውም፤ ከዘመድ ወኪል ጋር ላለ ሰው ደግሞ ከሁሉ የለሰለሰ መለያየት ነው። ይህም ካልሆነ ውሉን የማቋረጫ አንቀጽ አለው ወይ ብለው ያንብቡ፤ በማስታወቂያ ቀናት የሚፈታ ብዙ ነው። የቀረው ጊዜ ረጅም፣ የተጠየቀው ገንዘብም ትልቅ ከሆነ ለአንድ ሰዓት የሪል እስቴት ጠበቃ ማማከር ከሚያስወጣው ይልቅ የሚያድነው ይበልጣል። ማታለል ወይም የሕግ ጥሰት አለ ብለው ካመኑ ለግዛቱ የፈቃድ ሰጪ አካል አቤት ማለት ይቻላል፤ በቨርጂኒያ ዲፖር የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ የየራሳቸው የሪል እስቴት ኮሚሽን አለ። እነዚህ አካላት የሚመለከቱት የወኪሉን ፈቃድና ሥነ ምግባር ነው፤ «አልተግባባንም» የሚል ጉዳይ ይዘው ቢሄዱ ጊዜዎን ያባክናሉ።

እስኪፈቱ ድረስ እግርዎን ይሰብስቡ። ሌላ ወኪል ጋር ደውሎ ማማከር አይከለከልም፤ መፈረምና ቤት ማየት ግን ይቆይ። ጥሩ አዲስ ወኪል የመጀመሪያ ጥያቄው «ከሌላ ጋር ፈርመዋል ወይ» መሆን አለበት፤ ሪልተር ከሆነ የማኅበሩ የሥነ ምግባር ደንብ ይህን እንዲያጣራ ያስገድደዋል፤ የሌላ ሪልተር ብቸኛ ውል ያለበትን ደንበኛ ከመንጠቅም ይከለክለዋል። «እሱን ለእኔ ተወው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» የሚል ወኪል ደፋር ቢመስልም ዕዳው የሚወድቀው በእርስዎ ላይ ነው፤ በዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ስለ ጥንቃቄውም ብዙ ነግሮዎታል። ውል ሳይኖር እንኳ «ቤቱን ያስገዛው ማነው» የሚለው ክርክር አለ፤ በእንግሊዝኛ «ፕሮኪዩሪንግ ኮዝ» ይሉታል። ቤቱን አስተዋውቆ ያልተቋረጠ ሥራ የሠራው የመጀመሪያው ወኪል ከሆነ፣ ኦፈሩን ያስገባው ሁለተኛው ቢሆንም ኮሚሽኑን የመጀመሪያው ሊጠይቅ ይችላል። ሙግቱ አብዛኛውን ጊዜ በብሮከሮች መካከል በግልግል የሚያልቅ ነው፤ ቢሆንም አዲሱ ወኪል ክፍያው በክርክር ውስጥ እንዳለ እያወቀ ለእርስዎ በሙሉ ልቡ ይሠራል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። ስለዚህ በድሮው ወኪል ያዩትን ቤት በአዲሱ ሊገዙ ካሰቡ ኦፈር ከማስገባትዎ በፊት ይንገሩት።

በዚህ መሐል ወደ ኦፕን ሀውስ ብቻዎን መሄድ ይችላሉ፤ ለዚያ ውል አያስፈልግም። በር ላይ ያለው መዝገብ «ወኪል አለዎት ወይ» ሲል እውነቱን ይጻፉ። «ወኪል ከሌለኝ ወጪ ይቀንሳል» ብሎ በቀጥታ በሻጩ ወኪል በኩል መግዛት ግን የተሳሳተ ቁጠባ ነው፤ ያ ሰው ታማኝነቱ ለሻጩ ነው፣ የነገሩትን ጣሪያም ለሻጩ የመንገር ግዴታ አለበት።

ኦፈርዎ ተቀባይነት አግኝቶ ኮንትራት ላይ ከሆኑ ምክሩ ይለወጣል። የግዢው ውል በእርስዎና በሻጩ መካከል ስለሆነ ወኪል ቢቀየርም ውሉ ይቀጥላል፤ የኢንስፔክሽኑም፣ የብድሩም፣ የአፕሬዛሉም ቀነ ገደብ መቁጠሩን አያቆምም፤ ቢያልፍብዎት አደጋ ላይ የሚወድቀው በኤስክሮ የተቀመጠው ኧርነስት መኒ የሚባለው መያዣ ገንዘብ ነው። በዚያ ላይ የወኪሉ ኮሚሽን ከሞላ ጎደል ተገኝቷል፤ እሱን አባርሮ ሌላ መክፈል ከባድ ነው። በዚህ ደረጃ የሚሻለው ዋናው ብሮከር ራሱ ጉዳዩን እንዲይዝ መጠየቅ፣ ከተቻለም እስከ ክሎዚንግ የሚከታተልልዎ ጠበቃ መያዝ ነው። ወኪል መቀየር ያለበት ከኦፈር በፊት ነው የምንለው ለዚህ ነው፤ ጥርጣሬ ያለው ሰው ኦፈር ከመፈረሙ በፊት ባለው ምሽት ደፍሮ ይወስን።

የመፈቻው ፊርማ ሲደርስ አዲሱን ወኪል መምረጥ ይጀመራል። ገበያው ስለማይጠብቅ ቶሎ መፈረም አለብኝ የሚል ጥድፊያ ይመጣል፤ ግን የመጀመሪያውን ስሕተት የወለደው ይኸው ጥድፊያ ነበር፤ ሁለት ሦስት ሰው ለማነጋገር ደግሞ ሦስት ቀን ይበቃል። ፈቃዱን በግዛቱ ድረ ገጽ በስሙ ይፈልጉ። ባለፈው ዓመት በሚፈልጉት አካባቢ ስንት ገዢ እንዳስገዛ ይጠይቁ፤ ጠቅላላ የሸጠውን ቁጥር ሳይሆን የገዢዎቹን። ኮንዶ የሚፈልጉ ከሆነ «የማኅበሩን ሰነድ ከተቀበልሁ በኋላ ያለ ቅጣት ለመውጣት ስንት ቀን አለኝ» ብለው ይፈትኑት፤ መልሱ በየግዛቱ የተለያየ ነው፣ የሚሠራበትን ግዛት መልስ ግን ሳያመነታ ሊሰጥዎ ይገባል። አማርኛ ተናጋሪ መሆኑ ለወላጆች ወይም እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ትልቅ ጥቅም ነው፤ ዕውቀትን ግን አይተካም፤ በአማርኛ የተነገረ የተሳሳተ ምክር ያው የተሳሳተ ምክር ነው።

አዲሱን ውል ሲፈርሙ ከድሮው የተማሩትን ቁጥር ያስገቡበት። ጊዜው 30 ወይም 60 ቀን ይሁን፤ ሥራው ካማረ ማደስ የአንድ ደቂቃ ነው። አካባቢው በካውንቲ ስም ይጻፍ። በጥቂት ቀን ማስታወቂያ የመፍታት መብት ለሁለቱም ይኑር። ፕሮቴክሽን ፒሪየዱ አጭር ሆኖ በጽሑፍ ለተዘረዘሩ ቤቶች ብቻ ይሁን፤ ከሌላ ወኪል ጋር አዲስ ብቸኛ ውል ከፈረሙም ቀሪ እንዲሆን ያስጨምሩ። «ፎርሙ የድርጅቱ ነው፣ አይቀየርም» ሊባሉ ይችላሉ። ፎርሙ ላይ ያለው ባዶ ቦታ የተተወው ግን ሊሞላ ነው፤ ተጨማሪ አንቀጽ መጻፊያም አለው። ይህን ለመደራደር ያልቻለ ወኪል የቤቱን ዋጋ እንዴት እንደሚደራደርልዎ ቢጠይቁት ተገቢ ነው።

የቀረው የዕቃ ማዛወር ዓይነት ሥራ ነው። የብድር ፕሪ አፕሩቫሉ የእርስዎና የሌንደሩ ስለሆነ ከወኪሉ ጋር አይሄድም፤ በአዲሱ ወኪል ስም ደብዳቤውን እንዲያድስ ለሌንደሩ መንገር ይበቃል። ሌንደሩን የመረጠው የድሮው ወኪል ከነበረ ከሌላም ዋጋ ይጠይቁ፤ በ45 ቀን ውስጥ የሚደረጉ የሞርጌጅ ክሬዲት ፍተሻዎች ለክሬዲት ነጥብዎ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። የድሮው ወኪል የከፈተልዎትን የቤት ዝርዝር መላኪያ ያዘጉት፤ ክፍት ከሆነ በየቀኑ የሚልከው ቤት ነገ «እኔ ነኝ ያስተዋወቅኋችሁ» የሚል ክርክር ያመጣል። የመፈቻ ሰነዱን ቅጂ ለአዲሱ ወኪል ይስጡ። ከክሎዚንግ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን በፊት ሌንደሩ የመጨረሻውን የወጪ ዝርዝር፣ ክሎዚንግ ዲስክሎዠር የሚባለውን፣ ይልክልዎታል። ገጹን ገልጠው የሪል እስቴት ኮሚሽን በሚለው መስመር የተጻፈውን የድርጅት ስምና መጠን ከውልዎ ጋር ያስተያዩ። የድሮው ድርጅት ስም እዚያ ካለ፣ ወይም ገንዘቡ ከተስማሙት በአንድ ዶላርም ቢሆን ከበለጠ፣ ወደ ክሎዚንግ ጠረጴዛው ከመሄድዎ በፊት ለታይትል ድርጅቱ ደውለው የመፈቻውን ሰነድ ይላኩላቸው።